አልጋ ስይዝ

ዐሥራ አራት ክረምት ምድር ቤት የቆመ
የስኪዬ ጣውላ አቧራ ተሸከመ፤
ቡትሱ ተሰነጠቀ፣ ዘለበቱም ዛገ፣
ባለቤቱም ሸበተ፣ መነጽር ፈለገ።

ዛሬ ግን የማታ ፈረቃዬን ጨርሼ፣
ትራሙን ከነመብራቱ ዴፖ መልሼ፣
ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግቻለሁ፤
የት እንደምወድቅ እመርጣለሁ።

ቬሬና ከጎኔ ብርቱካን ትልጣለች፤
"ሳውና ያለው ይሁን፣ ሌላው ያንተ" አለች።
ርብቃ ከክፍሏ፦ "አባዬ፣ ትልቁ ተራራ!
መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ሌሊት የሚያበራ!"
እኔ ዋጋውን አየሁ፤ መነጽሬን ወለወልኩ፣
ደግሜ አየሁት፤ ያንን ገጽ አጠፍኩ።

ለርብቃ አንድ ቀን ነግሬያት ነበር፦
በኛ ቋንቋ በረዶ አንድ ቃል ነው፤
ጣራ የሚደበድበውም እሱ፣
ብርጭቆ ውስጥ የሚንሳፈፈውም እሱ፣
ድምፁን አጥፍቶ አገር የሚሸፍነውም እሱ።
"ታዲያ የትኛው እንደመጣብህ በምን ታውቃለህ?" አለችኝ።
በጉልበቴ፣ አልኳት።

ጉልበትንም የኛ ሰው ሁለት ነው የሚለው፤
አንዱ የሚታጠፈው፣ አንዱ የሚያቆመው።
እኔ ግን በአንድ ቀን ሁለቱንም ጣልኩ፣
ከጥድ ሥር ተኝቼ ሄሊኮፕተር ጠበቅኩ።
ያኔ አልጋ ያዘኝ፣ አራት ወር አልለቀቀኝ፤
አሁን እኔ አልጋ ልይዝ ነው፤ ተራው ደረሰኝ።

ጓደኛዬ ጥሩሰው በስልክ ሰምቶ ሳቀብኝ፤
"ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ ለመላላጥ" ሲል ተረተብኝ።
እውነቱን ነው።
ግን ይህን ቆዳ ሳይላጥ ዐሥራ አራት ዓመት ጠበቅሁት፤
ለማን እንደማቆየው ራሱን ጠየቅሁት፤
አልመለሰልኝም።

ስለዚህ ዝቅ አልኩ። ከስመ ጥሮቹ ወርጄ፣
ወደ ግራውቡንደን ጥግ ጣቴን ሰድጄ፣
ካርታው ራሱ ሊዘለው ከቃጣው መንደር ደረስኩ፤
ሱርቫል ይባላል። ደወልኩ።

ወይዘሮ ካዱፍ አነሱ። ድምፃቸው እንጨት እንጨት ይላል።
ሁለት ክፍል አለ፤ ምድር ላይ፤ ደረጃ የለውም።
ሳውና? የለም። የዳቦ ምድጃው ግድግዳ ግን በአንደኛው አልጋ ራስጌ ያልፋል፤
"ላብ አያወጣም፣ ወገብ ያሞቃል።"
ማንሻው? አንድ። አሮጌ። ይጎትታል እንጂ አያስቀምጥም።
ቱሚሽ ነው የሚዘውረው፤
ሚስቱ ለሾርባ ስትጠራው ያቆመዋል።
ትልቁ ቁልቁለትስ? "በበጋ ላሞቹ ይወጡታል" አሉ።

ከዚያ ያፈርኩበትን ጥያቄ ጠየቅሁ፦
ከበሩ እስከ ማንሻው ስንት እርምጃ ነው?

ዝም አሉ።
"ቆይ" አሉ። ስልኩን አላስቀመጡትም።
በር ሲከፈት ሰማሁ። ነፋስ ገባ።
ከዚያ የነጠላ ጫማ ኮቴ በረዶ ላይ፦ ቅርጭ፣ ቅርጭ፣
በሮማንሽ ሲቆጥሩ፣ ሲሳሳቱ፣ ተመልሰው ካንድ ሲጀምሩ፣
ውሻ ሲቆጡ፣ ሲቆጥሩ።
ትንፋሻቸው ጆሮዬን አቀዘቀዘው።
ቬሬና ግማሽ ብርቱካን በእጇ ይዛ ቀረች።

"መቶ አርባ ስድስት" አሉ እያለከለኩ።
"በሰባ ዘጠኝ ዓመት እግር ነው፤ በርስዎ ያንሳል።"
ያዙልኝ፣ አልኩ።
"የትኛውን?"
ምድጃ ያለበትን።

ርብቃ እስካሁን አኩርፋለች።
ቬሬና ሳውና የሚለውን ቃል አላነሳችም፤
ሦስት ትልልቅ ፎጣ ግን ሻንጣው ውስጥ አየሁ።

ማታ ምድር ቤት ወረድኩ፤ ብረቱን ይዤ፣ አንድ በአንድ።
ጣውላውን ከአቧራው አወጣሁት፣ አጋደምኩት፣
በእጄ መዳፍ እያሞቅኩ ቀባሁት።
ሰሙ ከኔ ነው፤
ወርቁን ቁልቁለቱ ይንገረኝ።

ስመለስ ደረጃውን ቆጠርኩ፤ ዐሥራ ሰባት።
ዘጠነኛው ላይ ትንሽ አረፍኩ።